የቢሮ ዴስክቶፕን ለጌም ማብቃት፦ ምን ይለካል፣ ምን ይገዛል፣ ምን ይቅር

ብዙዎቻችን ጌም የምንጫወትበት ዴስክቶፕ መጀመሪያ የተሠራው ለጌም አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ውስጥ በሆነ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ዓመታት ደብዳቤ ሲጻፍበትና ሒሳብ ሲሠራበት ቆይቶ፣ መሥሪያ ቤቱ በአዲስ ሲተካው ከመሰሎቹ ጋር በጅምላ ተሸጦ፣ ብዙ ጊዜም በዱባይ በኩል አዲስ አበባ የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ነው። እነዚህ ማሽኖች ጠንካሮች ናቸው፤ የሚስማማቸው ዕቃ ከተመረጠላቸው በ1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ ባለው) ስክሪን ላይ ብዙ ጌሞችን ሳይንገራገጩ ያጫውታሉ። ነገር ግን ሳጥናቸውም፣ ፓወር ሰፕላያቸውም (ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል)፣ ማዘርቦርዳቸውም (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) በቢሮ ሥራ ልክ የተሰፋ ነው፤ ስለዚህ ሱቅ ገብቶ የጌሙን ምስል ለሚስለው ግራፊክስ ካርድ «ጥሩ ካርድ ስጠኝ» ማለት አያዋጣም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ እንዲያመጣልኝ አደራ አልኩት፤ እሱም በሹራብ ጠቅልሎ፣ ሻንጣው መሀል አድርጎ፣ ሳይጎዳ አደረሰልኝ። ማታውኑ የዴስክቶፑን ክዳን ከፍቼ ካርዱን ወደ ቦታው ሳስጠጋው ጫፉ ከሃርድ ዲስኩ መያዣ ጋር ተጋጨ፤ ሦስት ጣት ያህል ይተርፋል። መያዣውን ፈትቼ ሳወጣው ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ፤ ካርዱ ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣ እንዲህ ያለ ገመድ ግን የለም። ካርዱ አምስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ በሜትር ለክቼ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቤ ቢሆን ኖሮ የምጠይቀው ሌላ ካርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ሆነ ለወዳጅ ዘመድ ዕቃ ስመርጥ ሁልጊዜ ከመለካት እጀምራለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

ማሽኑ የት ላይ እንደሚደክም ማወቅ

ከሁሉ በፊት አሁን ያለው ማሽን የሚደክመው የት ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት። አዘውትረው የሚጫወቱትን ጌም ከፍተው ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ወትሮው ይጫወቱ፤ ከዚያም ጌሙን ሳይዘጉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል ያሉትን ግራፎች ይመልከቱ። ግራፊክስ ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሠራ ከቆየ ጌሙን የያዘው ካርዱ ነው። ካርዱ 60 ወይም 70 በመቶ ላይ እየዋለለ ጌሙ ግን ከተንቀራፈፈ ፕሮሰሰሩ ሥራውን በጊዜ አያደርስለትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ቁጥር 100 አለመድረሱን አይቶ ፕሮሰሰሩ ትርፍ ጉልበት አለው ብሎ ሲደመድም ነው። ጌሞች ሥራውን ለኮሮቹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላሉት የሥራ ክፍሎች) ሁሉ እኩል ስለማያከፋፍሉ አንዱ ኮር እስከ አንገቱ ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈት ሊሆኑ፣ ጠቅላላ ቁጥሩም 50 በመቶ ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ጥርጣሬውን የሚያጠራ ቀላል ፈተና አለ። በጌሙ ውስጥ ሁልጊዜ ሊመለሱበት የሚችሉት አንድ ቦታ ይምረጡ፤ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ተከታትለው እንቅስቃሴ የሚሆኑት ምስሎች) እንደሚታይ ይመዝግቡ፤ ከዚያም ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ነጥቦች ብዛት) ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርገው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይመዝግቡ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ሸክሙ ያለው ካርዱ ላይ ነበር፤ ምንም ያህል ካልተለወጠ ግን የቱንም ያህል ውድ ካርድ ቢገዙ የሚያገኙት ለውጥ ትንሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ1080ፒ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚስለው ወደ 2.07 ሚሊዮን ነጥብ ሲሆን በ720ፒ ወደ 0.92 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን፣ ማለትም ተጫዋቾቹ የት እንደቆሙ፣ ጥይቱ ማንን እንዳገኘ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር ማስላቱ፣ ሬዞሉሽኑ ስላነሰ አይቀንስም። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉ ከፍተኛ የፍሬም ቁጥር የሚፈለግባቸው የኢንተርኔት ጌሞች ፕሮሰሰር ላይ ይከብዳሉ፤ ሰፊ ዓለምን በብርሃንና በጥላ አሳምረው የሚያሳዩት ደግሞ ካርድ ላይ ይከብዳሉ። ሁለቱንም ዓይነት የሚጫወት ሰው ሁለቱንም ቢፈትን ይሻለዋል።

ከእነዚህ የተለየ አንድ ችግር አለ። የፍሬም ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሳለ ጌሙ በየመሀሉ ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፤ በተለይ ወደ አዲስ ሰፈር ሲገቡ ወይም ካሜራው በፍጥነት ሲዞር። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ማነስ፣ የካርዱ የራሱ ሜሞሪ መሙላት ወይም ጌሙ የተጫነበት ሃርድ ዲስክ መዘግየት ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ራሙ ከ90 በመቶ አልፎ ዲስኩም 100 ላይ ከተሰቀለ፣ ለካርድ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሳይነኩ በራም ወይም በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በሚፈጥነው ማከማቻ) ይጀምሩ።

ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ የሚፈቅዱት

የቢሮ ዴስክቶፕ በሦስት መጠን ይመጣል። ታወር የሚባለው ትልቁ መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ ይቀበላል። በተለምዶ ስሊም የምንለው ቀጭኑ የሚቀበለው ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ቁመቱ ከመደበኛው አጠር ያለ ካርድ ብቻ ነው። መጽሐፍ የሚያህለው ትንሹ ደግሞ ለግራፊክስ ካርድ ቦታ ስለሌለው ለጌም ማሻሻል በሚለው ሐሳብ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ክዳኑን ከከፈቱ በኋላ ከኋለኛው ብረት እስከ መጀመሪያው እንቅፋት ድረስ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩ፤ የካርድ ሻጮችና አምራቾች የካርዱን ርዝመት የሚጽፉት በሚሊሜትር ነው። ከዋናው የካርድ ማስገቢያ ጎን ስንት ክፍት ቦታ እንዳለም ይቁጠሩ። ብዙ ካርዶች በማቀዝቀዣቸው ውፍረት ምክንያት የሁለት ማስገቢያ ቦታ ይይዛሉ፤ በአንዳንድ ስሊም ሳጥኖች ግን ዋናው ማስገቢያ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ወፍራም ካርድ አይገባም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሰጥቼ የማየው እሱን ነው። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፤ ለፕሮሰሰሩ፣ ለዲስኩና ለፋኑ በቂ ሆኖ የተሠራ ነውና ለካርድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የማዘርቦርዱ የካርድ ማስገቢያ ራሱ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው፣ በደንቡ መሠረት እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ፒን ተጨማሪ ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። የቢሮ ማሽኖች ብዙ ጊዜ እነዚህ ተጨማሪ ገመዶች የሏቸውም፤ ስለዚህ ምርጫው 75 ዋትና ከዚያ በታች ወደሆኑ ካርዶች ይጠባል። በአንዳንድ ስሊም ሞዴሎች አምራቹ ለካርድ የመደበው ኃይል ከ75 ዋትም ያነሰ በመሆኑ የሞዴሉን መመሪያ ከአምራቹ ገጽ አውርዶ ማየት ይገባል።

«ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ አንዳንዴም ትክክል ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ የቢሮ ማዘርቦርዶች ላይ ያለው የኃይል መሰኪያ በተለመደው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ላይ የምናገኘው ባለ 24 ፒን አይደለም፤ አምራቹ ለራሱ ያበጀው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ነው። መቀየሪያ ገመድ ይገኛል፤ ታወር ሳጥን ውስጥ ቦታው ከበቃ ይሠራል፤ በስሊም ሳጥን ግን መደበኛው ፓወር ሰፕላይ ጨርሶ አይገባም። አጥብቄ የማስጠነቅቀው ከሳታ ገመድ (ለዲስክ ከሚሄደው የኃይል ገመድ) ወደ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የሚቀይረውን ርካሽ ገመድ ነው። የሳታ ኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ካርዱ ግን ከዚያ ገመድ 75 ወይም 150 ዋት ሊስብ ይችላል። የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲገዙ በጎኑ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ ከስሩ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመር ስለሆነ ዋናው ጥያቄ በዚያ መስመር ስንት አምፒር ይሰጣል የሚለው ነው። በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ከስሩ በ12 ቮልት 18 አምፒር ከተጻፈ፣ 12 ሲባዛ በ18 የሚሰጠው 216 ዋት ነው፤ ለጌም የሚጠቅመው እሱ ብቻ ነው። ደህና ዕቃ 550 ዋት ካለ በ12 ቮልት መስመሩ ወደ 45 አምፒር ያሳያል። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ከሶኬት ከተሳበው ኃይል ምን ያህሉ እንደማይባክን ይናገራል እንጂ ለአደጋ መከላከያው ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም በሐሰት ካልተለጠፈ በስተቀር ምልክቱ ያለው ከሌለው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መገፋት አለበት። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ስለሆነ በ115 እንዳለ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ግን ራሱ ስለሚያስተካክል ምንም ማድረግ አያስፈልግም።

ግራፊክስ ካርዱን መምረጥ

ተጨማሪ ገመድ ለሌለው ማሽን ዛሬ በመጀመሪያ የማስበው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣ ሲሆን 70 ዋት ብቻ ይጠቀማል፤ ለስሊም ሳጥን የሚሆን ሎው ፕሮፋይል ዓይነትም አለው። ዋጋው ከከበደ ከእሱ ቀጥሎ ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ እሱም በ75 ዋት የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ አምራቾች ፍጥነቱን ጨምረው ባለ 6 ፒን ገመድ የሚፈልግ አድርገው ስለሠሩት የካርዱን ጫፍ በዓይን ሳያዩ አይግዙ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. የ2016 ካርድ ነው፤ ለቆዩ ጌሞችና ለቀላል የኢንተርኔት ጌሞች ዛሬም ይሠራል፣ ለአዳዲሶቹ ግን ገንዘብ ባላወጣበት እመርጣለሁ።

አርኤክስ 6400 ደግሞ በወረቀት ላይ ሲታይ ለስሊም ሳጥን የተፈጠረ ይመስላል፤ 53 ዋት ብቻ ይወስዳል፣ ቀጭንም ነው። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። በአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ አራት መስመር ይበቃዋል፤ እኛ እጅ ያሉት የቢሮ ማሽኖች ግን በብዛት ሦስተኛው ትውልድ ስለሆኑ መስመሩ በግማሽ ይጠብበታል፤ የካርዱ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሞልቶ ከራም መበደር ሲጀምር ጌሙ ይቆራረጣል። የኢንቴል አርክ ካርዶችም፣ ለምሳሌ ባለ 12 ጊጋባይቱ ቢ580፣ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚያደርገውን አሠራር ስለሚፈልጉና አሮጌ የቢሮ ማዘርቦርዶች ብዙ ጊዜ ስለሌላቸው ለእነዚህ ማሽኖች አልመክራቸውም፤ ለአዲስ ማሽን ግን ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው።

የካርድ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አርቲኤክስ 3050 በ6 እና በ8 ጊጋባይት ይሸጣል፤ የሜሞሪው ልዩነት ብቻ ይመስላል እንጂ ባለ 8ቱ ውስጡ ጠንከር ያለ፣ 130 ዋት የሚወስድና ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግ ሌላ ካርድ ነው። ጂቲኤክስ 1060ም ባለ 3ቱና ባለ 6ቱ በማስሊያ ኮሮቻቸው ቁጥር ጭምር ይለያያሉ። ከሁሉ የከፋው ጂቲ 1030 ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነበር፣ በኋላ በዚያው ስም በዲዲአር4 ተሠርቶ ሜሞሪው በሰከንድ የሚያመላልሰው መረጃ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወረደ። ሁለቱም ካርቶን ላይ «ጂቲ 1030፣ 2 ጊጋባይት» ነው የሚለው። ጂቲ 730ን ለጌም ብሎ የሚያቀርብልዎ ሻጭ ካለ ደግሞ አመስግነው ይለፉ፤ ስክሪን ለማብራት እንጂ ለጌም የሚሆን ጉልበት የለውም።

ገመዱም ቦታውም ላለው ማሽን ሜዳው ሰፊ ነው። ለ1080ፒ ስክሪን ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 6600 በ132 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት፣ ባለ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 በ170 ዋት ጥሩ ምርጫዎች ናቸው፤ ለሦስቱም ደህና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ዛሬ ካርድ የሚገዛ ሰው ፓወር ሰፕላዩ እስከፈቀደለት ድረስ ከ8 ጊጋባይት በታች ባይወርድ እመክራለሁ፤ የቴክስቸር ጥራትን (የግድግዳው፣ የልብሱና የመሬቱ ገጽ የሚታይበትን ጥራት) ከፍ ማድረግ ፍጥነትን ብዙም ሳይነካ ጌሙን የሚያሳምር ነገር ነው፣ የሚበላውም የካርዱን ሜሞሪ ነው። ስክሪኑንም አይርሱ። የ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ስክሪን ያለው ሰው በሰከንድ 140 ፍሬም የሚሰጥ ካርድ ቢገዛ ስክሪኑ የሚያሳየው 60ውን ነው። ወደ 1440ፒ ስክሪን ለመሸጋገር የሚያስብ ደግሞ የነጥቦቹ ቁጥር ወደ 3.69 ሚሊዮን፣ ማለትም ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ እንደሚያድግና ካርዱም በዚያው ልክ እንደሚጫንበት ያስብ።

ፕሮሰሰር፣ ራምና ማከማቻ

ፈተናው ፕሮሰሰሩን ካመለከተ፣ መጀመሪያ የሚታየው ያው ማዘርቦርድ ምን ይቀበላል የሚለው ነው። የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ የሆነው ኮር አይ5-6500 ያለበት ማሽን አራት ኮርና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ነው ያለው፤ በዚያው ቦታ አይ7-6700 ቢገባ ትሬዱ ስምንት ይሆናል፣ የጌሙ መቆራረጥም በደንብ ይቀንሳል። ነገር ግን ስምንተኛው ትውልድ አይ5-8500 በቅርጹ ያንኑ ኤልጂኤ 1151 መሰኪያ ቢመስልም በስድስተኛውና በሰባተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም፤ ገብቶ ይቀመጣል፣ ማሽኑ ግን አይነሣም። ሻጩ «ሶኬቱ አንድ ነው» ቢልዎ ትክክል ነው፤ ሥራው ግን አንድ አይደለም።

ለአሮጌ ማሽን ፕሮሰሰር ከመግዛት በፊት የሚመዘን ሌላ ጉዳይም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። አንዳንድ የኢንተርኔት ጌሞች፣ ለምሳሌ ቫሎራንት፣ በዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ቺፕና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ያልታመነ ፕሮግራም የሚያግደው ቅንብር) ካልበሩ አይከፈቱም። ስለዚህ ማሽኑን ገና ያልገዛ ሰው ትንሽ ጨምሮ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ቢመርጥ፣ ስድስተኛ ትውልድ ያለው ደግሞ ብዙ ገንዘብ ፕሮሰሰሩ ላይ ባያፈስ መልካም ነው።

ፕሮሰሰሩም፣ ካርዱም፣ ፓወር ሰፕላዩም አንድ ላይ መቀየር ካለባቸው የቢሮው ሳጥን ዘመኑን ጨርሷል፤ በመደበኛ ሳጥን አዲስ መጀመር ይሻላል። ለዚህ ዛሬም የምወደው የኤኤምዲ ኤኤም4 መድረክ (የፕሮሰሰርና የማዘርቦርድ ቤተሰብ) ነው፤ ያገለገለ ቢ450 ወይም ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ ያለው በ65 ዋት የሚሠራ ራይዘን 5 5600፣ ከአሮጌው ማሽን የወጣው ዲዲአር4 ራምና ኤስኤስዲ። አዲሱ ኤኤም5 የበለጠ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሆነ ያለዎት ራም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ቢ450 ከመረጡ 5600ውን እንዲያውቅ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) መታደስ ሊያስፈልገው ይችላልና ሻጩ አድሶ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ራስዎ የሚያድሱ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ሳይኖር አይጀምሩ፤ ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሣ ይችላል።

ራም ላይ 16 ጊጋባይት ለዛሬ ጌም ትክክለኛው ልክ ነው፤ አንድ ባለ 16 ከመሆን ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይሁን። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋለታል፤ ካርድ ሳይኖረው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የሚጫወት ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየዋል፣ ያ ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነውና። የቢሮ ማዘርቦርዶች ብዙ ጊዜ የራሙን ፍጥነት በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ስለሚገድቡት ለእነሱ ብሎ 3600 የሚል ውድ ራም መግዛት ትርፍ የለውም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የመሐል ቁርጣቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያለዎትን ዓይነት አይተው ይሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሜሞሪ ቺፕ በብዛት ስለሚሸምቱ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ተወድዷል፤ ያገለገለ ዲዲአር4 በደህና ዋጋ ካገኙ አይዘግዩ።

ጌም ከሃርድ ዲስክ ላይ የሚጫወት ሰው ኤስኤስዲ ይግዛ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምጨምረው የለኝም። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550፣ የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ (በኤም.2 ማስገቢያ የሚሰካው ፈጣኑ ኤስኤስዲ) ደግሞ ወደ 3500 ያነባል። ጌም ሲከፈት ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ያለው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው ግን በአብዛኞቹ ጌሞች ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ኤም.2 ማስገቢያ ከሌለው አይቆጩ።

ሲገዙና ሲገጥሙ

ዕቃዎቹ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ያለፈው ወር ዋጋ ለዛሬ መነጋገሪያ አይሆንም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስትና አራት ሱቅ ጠይቆ ማወዳደር ይሻላል። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ማሽን ላይ ተሰክቶ ሲሠራ ሳያዩ አይክፈሉ። ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይዘው ይሂዱ፤ አሮጌ ቺፕ ላይ የሐሰት ስም ተጽፎባቸው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እየተባሉ የሚሸጡ ካርዶች አሉ፣ ፕሮግራሙም ብዙዎቹን ለይቶ ሐሰተኛ መሆናቸውን በስማቸው ፊት ይጽፋል። ከዚያ አንድ ጌም ለሩብ ሰዓት ይክፈቱ። ሙቀቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 85 ዲግሪ ካለፈ፣ ፋኑ ከተንኳኳ ወይም ስክሪኑ ላይ ቀለማቸው የተዛባ ነጥቦች ብልጭ ካሉ ይተዉት። የካርዱን ብሎኖችም በእጅ ባትሪ ያብሩባቸው፤ ጫፋቸው የተላጠ ከሆነ ካርዱ ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። መከፈቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ለምን እንደተከፈተ ግን ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ ያለው የመብራት ሁኔታም የምርጫው አካል ነው። ስታብላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን አያቆይም፤ ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 360 ወይም 390 ዋት ስለሆነ ስክሪኑን ጨምረው ይደምሩ። ርካሽ ዩፒኤሶች የሚሰጡት ማዕበሉ ደረጃ ደረጃ የሆነ ኃይል ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ይህን ስለማይወዱ መብራት በሄደ ቅጽበት ማሽኑ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ለዩፒኤሱ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ማሽንዎን ሰክተው፣ ጌም ከፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው ይሞክሩት። ዩፒኤስ የሌለው ሰው ደግሞ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፍቶ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሥ ዕቃው ይቆይለታል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋን ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ያካክሰዋል፣ አቧራው ግን አይምርም፤ ድሬዳዋ ያለ ሰው ደግሞ የሚታገለው ከሙቀቱ ጋር ነው። በስሊም ሳጥን ውስጥ 70 ዋት ካርድ የሚያስገባ ሰው ሳጥኑን ከወለል ላይ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው፤ በሁለትና በሦስት ወር አንዴም በለስላሳ ብሩሽ ያጽዳው፣ ሲያጸዳም የፋኑን ክንፍ በጣቱ ይያዝ። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ከሆነ ማቀዝቀዣውን አንሥቶ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት ብዙ ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

ካርዱ ሲገባ ማስገቢያው ጫፍ ላይ ያለው መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል ተጭነው፣ የኋላውን ብሎን አጥብቀው፣ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅለው ካርዱ ላይ ይሰኩ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይረሳል፤ አንድ ጎረቤቴ አዲስ ካርድ ገጥሞ ለሦስት ሳምንት «ምንም ለውጥ የለውም» ሲል ቆይቶ፣ ሄጄ ሳየው የስክሪኑ ገመድ የተሰካው እዚያው የድሮው ቦታ ላይ ነበር። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርደው ከጫኑ በኋላ መጀመሪያ የመዘገቡትን ፈተና በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሬዞሉሽን ይድገሙ። ቁጥሩ ካደገና ካርዱ አሁን ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ቀጣዩ ተራ የፕሮሰሰሩ ነው፤ ቁጥሩ ለስክሪንዎ ከበቃ ግን የቀረውን ገንዘብ ሳይነኩት ይቀመጥ።